ለአምስት ቀን የሚቆም ሐውልት፦ የዱርጋ ፑጃ ጥበብና ሠሪዎቹ

በሕንዷ የኮልካታ ከተማ በየዓመቱ በመስከረም ወይም በጥቅምት በሺዎች የሚቆጠሩ የሴት አምላኳ የዱርጋ ምስሎች ከአንድ ጠባብ ሰፈር ወጥተው በየመንደሩ በተሠራላቸው ዳስ ውስጥ ይቆማሉ። አምስት ቀን ጸሎት ይቀርብላቸዋል፣ ከበሮ ይመታላቸዋል፣ ሕዝብ ሌሊቱን ሙሉ እየተጋፋ ይጎበኛቸዋል። ከዚያም በጭነት መኪና ተጭነው ወደ ሁግሊ ወንዝ ይወርዳሉ። ወራት የተደከመበት ፊት ውኃው ውስጥ ገብቶ ወዲያው ይሟሟል። በዓሉ ዱርጋ ፑጃ ይባላል፤ ለቤንጋል ሂንዱዎች የዓመቱ ታላቅ በዓል ነው።

ስለዚህ ጥበብ የተጻፈው ብዙ ነው። የሃይማኖት አጥኚዎች ሥርዓቱን፣ የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ቅርጹን፣ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የሚያንቀሳቅሰውን ገንዘብ፣ የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ደግሞ ወንዙን ይመረምራሉ። ይህ ዳሰሳ ሁሉንም ይነካል፤ የሚመዝናቸው ግን በአንድ ጥያቄ ነው። ሥራው በየዓመቱ እንዲጠፋ ተደርጎ የሚሠራ ከሆነ፣ የሚቆየው ቅርስ ምንድን ነው? የእኔ መልስ ቅርሱ ሠሪው ነው የሚል ነው። በዓሉን የሚያደንቀው ዓለምም ሆነ በዓሉን የሚደግሰው ከተማ ለዚህ ሠሪ የሚገባውን ገና አልሰጡትም ብዬም አምናለሁ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ታሪኩን ባጭሩ። ማሂሻሱራ የተባለ የጎሽ መልክ ያለው ክፉ ኃይል ወንድ እንዳይገድለው ጸጋ ተሰጥቶት ነበርና ሰማይን ከአማልክቱ ነጠቀ። አማልክቱም ኃይላቸውን አዋጥተው ዱርጋን አስገኙ፤ ሺቫ ጦሩን፣ ቪሽኑ የሚወረወር ክብ ስለቱን፣ ሌሎቹም የየራሳቸውን መሣሪያ ሰጧት። በአንበሳ ተቀምጣ፣ በአሥር እጆቿ መሣሪያ ይዛ ገደለችው። የኮልካታ ሐውልቶች የሚያሳዩት ይህን የድል ሰዓት ነው። ቤንጋሎች ግን ሌላም ታሪክ ይጨምሩበታል። ዱርጋ ለእነርሱ ከባሏ ከሺቫ አገር ከካይላሽ ተራራ አራት ልጆቿን አስከትላ፣ ወላጆቿን ለመጠየቅ የምትመጣ ያገባች ልጅ ናት። ስለዚህ ከጦረኛዋ ግራና ቀኝ ላክሽሚ፣ ሳራስዋቲ፣ ካርቲክና የዝሆን ራስ ያለው ጋኔሽ ይቆማሉ። የስንብቱ ቀን እንባ የሚፈስበትም ለዚህ ነው፤ ልጅ ወደ ባሏ ቤት እየተመለሰች ነው። ሠሪው በአንድ ፊት ላይ ገዳይዋንም እንግዳ ሆና የመጣችውን ልጅም ማሳየት አለበት። የሙያው ከባዱ ፈተና ይኸው ነው።

ሙያው የሚኖረው ኩማርቱሊ በተባለ የሰሜን ኮልካታ ሰፈር ነው። ሁግሊ ወንዝ አጠገብ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መተላለፊያ፣ በቆርቆሮና በፕላስቲክ የተከደኑ ሥራ ቤቶች ተደርድረዋል። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ከሸክላ ሠሪ ወገን የተወለዱ ናቸው፤ ብዙዎቹም ፓል የሚል የቤተሰብ ስም አላቸው። የብዙዎቹ አያቶች የመጡት ከኮልካታ በስተሰሜን ካለችው የሸክላ ጥበብ ከተማ ከክሪሽናናጋር ነው። ከተማይቱ የእንግሊዞች የንግድ ማዕከል ሆና ስታድግና ሀብታሞቿ በየግቢያቸው ፑጃ መደገስ ሲጀምሩ፣ መጀመሪያ ለወቅቱ ብቻ እየመጡ ይመለሱ የነበሩት ሠሪዎች ቆይተው እዚያው ቀሩ።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል፤ ብዙው ክርክር የሚፈታው እዚህ ነውና። መነሻው ከእንጨትና ከቀርከሃ የሚታሰር አጽም ነው። በባህሉ ይህ አጽም የሚባረከው ጃጋናት የተባለው አምላክ በሠረገላ በሚጎተትበት በራት ያትራ ዕለት፣ በክረምቱ መግቢያ ላይ ነው። በአጽሙ ላይ የሩዝ ጭድ በጁት ገመድ እየተጠቀለለና እየተጠበቀ ይታሰራል። ልምድ ያለው ሠራተኛ በጭድ ብቻ የዳሌውን መዞር፣ የጉልበቱን መታጠፍና የአንበሳውን ጡንቻ ያወጣል። ጭቃ ሳይነካው ምስሉ ምን እያደረገ እንደሆነ ይታወቃል። ራስና የእጅ ጣት ግን የሉም፤ እነርሱ ለብቻ ይሠራሉ።

ከዚያ ጭቃው ይመጣል፤ በወንዙ በጀልባ ተጭኖ። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የሚያጣብቅ፣ ሌላው አሸዋ የበዛበት ነው። የመጀመሪያው ምርጊት ከሩዝ ገለፈት ጋር የተረገጠ ሸካራ ጭቃ ነው። የጭቃ ቤት ሲመረግ ጭድ የሚገባበት ምክንያት እዚህም ይሠራል፤ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ሁለተኛው ልባስ የተጣራ፣ የጁት ቃጫ የተከተፈበት ለስላሳ ጭቃ ነው። ስንጥቅ የታየበት ቦታ ሁሉ በቀጭን ጭቃ በተነከረ የጨርቅ ቁራጭ ይለጠፋል። ፊቱ የሚወጣው ከቅርጽ ማውጫ ነው፤ ይህን ማውጫ ቤተሰቦች ከአባት ወደ ልጅ ያስተላልፋሉ። አንድን ምስል አይቶ የየትኛው ቤት ሥራ እንደሆነ ማወቅ የሚቻለውም በዚህ የተነሣ ነው። ጣቶቹ አንድ በአንድ በእጅ ተድቦልቡለው ይቀጠላሉ።

ጭቃው እሳት አይገባም። ይህ ለበኋላው ነገር ሁሉ ቁልፍ ስለሆነ ልብ ይባል። በፀሐይና በነፋስ ይደርቃል፤ የሥራው ወቅት ግን ክረምት ነው። ኮልካታ ላይ ዝናቡ ለቀናት ሲወርድ፣ ሠሪዎቹ ማራገቢያ ይደቅናሉ፤ የመረከቢያው ቀን ሲደርስም በጋዝ ነበልባል እያንዳንዱን ክንድ ያደርቃሉ። ያልደረቀ ጭቃ ላይ ቀለም አይይዝም። የደረቀውን በነጭ ጠመኔ ይቀቡታል፤ በላዩ ቀለሙ ይመጣል። በቀድሞው አሠራር ቀለሙን የሚያጣብቀው ከሮቃ ፍሬ ዘር የሚቀቀል ሙጫ ነበር። ፀጉሩ ጥቁር የተነከረ የጁት ቃጫ ነው። ዘውዱና ጌጡ ሾላ ከሚባል የረግረግ ተክል ነጭ ልብ ይቀረጻል፤ ወይም ከሚያብለጨልጭ ቀጭን የብረት ወረቀት ይሠራል። ይህ ወረቀት በቅኝ ግዛት ዘመን ከጀርመን በፖስታ ይመጣ ነበር። ጌጥ ሠሪዎቹ ራሳቸውን የቻሉ ሌሎች ባለሙያዎች ናቸው፤ የአንድ ሐውልት ባለቤት አንድ ሰው ነው ማለት አይቻልም።

የመጨረሻው ሥራ ዓይን ነው። ዓይን የሚሳለው በባህሉ ማሃላያ በተባለው የአዲስ ጨረቃ ዕለት፣ ከበዓሉ ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነው። የሥራ ቤቱ አዛውንት ታጥቦ፣ ብዙ ጊዜም ጾሞ፣ በቀጭን ብሩሽ ሦስቱን ዓይኖች ይስላል፤ ሁለቱን ከቅንድብ ሥር፣ አንዱን ግንባሯ ላይ። መስመሩ አንዴ ከተሳበ በኋላ እርማት አይወድም። ዛሬ ትእዛዙ ስለበዛ ዓይኑ ከዚያ ቀን አስቀድሞ የሚሳልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሆኖም ማሃላያን የሚጠብቁ ቤቶች አሁንም አሉ። በዚያች ሌሊት ገና ሳይነጋ ቤንጋል ሁሉ ሬዲዮ ይከፍታል። ከ1931 ጀምሮ የሕንድ ሬዲዮ የዱርጋን ታሪክ በንባብና በዜማ ያሰማል፤ የአንባቢው የቢረንድራ ክሪሽና ባድራ ድምፅም የበዓሉ ድምፅ ሆኗል። በ1976 ጣቢያው በእርሱ ፋንታ ዝነኛውን የፊልም ተዋናይ ኡታም ኩማርን ሲያስገባ ሕዝቡ ተቆጣ፤ የባድራም ንባብ ተመለሰ። ይህ ሕዝብ አዲስ ነገር አይጠላም፤ የማያስነካውን ግን ያውቃል።

ዓይን የተሳለበት ምስል ግን ገና አይመለክም። በሂንዱ ሥርዓት ካህኑ በበዓሉ መባቻ ሕይወት እንዲያድርበት እስኪጸልይ ድረስ ጭቃ ነው፤ በመጨረሻው ቀን ሲሰናበታትም መልሶ ጭቃ ይሆናል። ወንዝ የሚገባው እንግዳዋ የለቀቀችው ማደሪያ ነው። የሚጠፋ ጥበብ መሥራት ለአማኙ ኪሳራ ያልሆነበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው።

ከጭቃው ጋር የተያያዘ አንድ ልማድ ብዙ አከራክሯል። በባህሉ ለምስሉ ከሚዋጡት አፈሮች አንዱ በወሲብ ንግድ ከሚተዳደሩ ሴቶች ደጃፍ መምጣት አለበት። አፈሩ ተለምኖ ነው የሚወሰደው። ለዚህ የሚሰጡት ማብራሪያዎች ይለያያሉ፤ አንዳንዶች ወደዚያ ቤት የሚገባ ወንድ ምግባሩን ደጃፉ ላይ ጥሎ ስለሚገባ አፈሩ ንጹሕ ነው ይላሉ፣ ሌሎች ደግሞ ዱርጋ ማንንም እንደማታገል ማሳያ ነው ይላሉ። የኮልካታ ትልቁ የወሲብ ንግድ ሰፈር ሶናጋቺ ከኩማርቱሊ ብዙም አይርቅም። የዚያ ሰፈር ሴቶች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አፈራችን ይፈለጋል እኛ ግን አንፈለግም ብለው ማጉረምረም ጀመሩ፤ አፈር አንሰጥም ያሉም አሉ። በ2013 ፍርድ ቤት ሄደው ፈቃድ በማግኘት የራሳቸውን ፑጃ በራሳቸው ሰፈር አቆሙ። እኔ ይህን ከበዓሉ የቅርብ ታሪክ ትልልቅ ክንውኖች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ልማዱን የሚያደንቁ ጽሑፎች ሴቶቹ ራሳቸው የተናገሩትን ሲዘሉት ማየት ያሳዝናል።

አሁን ወደ ደጋሾቹ እንምጣ፤ የምስሉ መልክ ከደጋሹ ጋር እየተለወጠ ነው የመጣው። በ1757 እንግሊዞች በፕላሲ ጦርነት ቤንጋልን ሲይዙ ከእነርሱ ጋር የከበረው ናባክሪሽና ዴብ በሾባባዛር ቤተ መንግሥቱ ታላቅ ፑጃ ደገሰ። ድግሱ ለአምልኮም፣ ለአዲሶቹ ገዢዎች ሀብትን ለማሳየትም ነበር። የባለጸጎቹ ቤት ፑጃ ዛሬም አለ፤ ምስሉም የጥንቱን መልክ ይዟል፤ ዱርጋና ልጆቿ በአንድ ቅስት ሥር፣ ረዥም ዓይንና ቢጫ ፊት። በዚያው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ገደማ በጉፕቲፓራ መንደር ከአንድ ሀብታም ቤት ፑጃ የተገፉ አሥራ ሁለት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን አቆሙ ይባላል። የመዋጮ ፑጃ ታሪክ ከዚያ ይጀምራል። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ዳሱ ከግቢ ወጥቶ መንገድ ላይ ቆመ፤ ለማንኛውም ሰው ክፍት ሆነ። የነጻነት ትግሉ ሰዎች፣ ሱባስ ቻንድራ ቦስን ጨምሮ፣ የእነዚህ የሰፈር ፑጃዎች መሪዎች ነበሩ።

በዚሁ ዘመን አንድ የኩማርቱሊ ሰው ቅርጹን ከሥሩ ለወጠው። ጎፔሽዋር ፓል በ1924 በለንደን ዌምብሊ በተደረገው የእንግሊዝ ግዛቶች ዐውደ ርእይ ላይ ጭቃ እየጠፈጠፈ በተመልካች ፊት የሰዎችን መልክ ሲያወጣ ተደንቆ ነበር። የአውሮፓን ቅርጻ ቅርጽ አይቶ ተመለሰና በ1930ዎቹ አንዱን ቅስት ሰባብሮ እያንዳንዱን ምስል ለየብቻ አቆመ። ዱርጋ የሰው ቁመና ያላት፣ እየተራመደች የምትወጋ ሴት ሆነች። ወግ አጥባቂዎች ተቃወሙ፤ ሕዝቡ ግን ተቀበለው። ዛሬ የጥንት የሚባለው ብዙ ምስል የመጣው ከዚህ ለውጥ በኋላ ነው። ባህሉ ተበላሸ ብሎ ለሚያለቅስ ሰው ይህ ጥሩ ማስታወሻ ነው።

ሦስተኛው ዘመን የጭብጥ ፑጃ የሚባለው ነው። በ1985 ኤዥያን ፔይንትስ የተባለው የቀለም ኩባንያ ለምርጥ ፑጃ ሽልማት አቋቋመ፤ ሌሎች ኩባንያዎችም ተከተሉ። ሰፈሮች ወደ ፉክክር ገቡ። ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጡ ሠዓሊዎች ተቀጥረው ዳሱን፣ መብራቱን፣ ሙዚቃውንና ምስሉን በአንድ ሐሳብ ማሰር ጀመሩ። በ2001 ባንዳን ራሃ በቦሴፑኩር ሰፈር ሙሉ ዳሱን ሻይ ተጠጥቶባቸው በሚጣሉ ትንንሽ የሸክላ ስኒዎች ሠራው፤ ከተማው ጎረፈ። የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሯ ታፓቲ ጉሃ ታኩርታ በ2015 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ለውጥ በሰፊው መርምራዋለች፤ ስለ ዘመናዊው ፑጃ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ከእርሷ ሥራ ይነሣል። ፑጃው በከፊል አምልኮ፣ በከፊል የአደባባይ የሥነ ጥበብ ትርኢት እንደሆነና ሁለቱን መለያየት እንደማይቻል በሚገባ አሳይታለች።

የጭብጥ ፑጃ ምስሉን ገደለው ወይስ አዳነው? ሁለቱም ማስረጃ አለው። በ2015 በዴሻፕሪያ ፓርክ 88 ጫማ የሚረዝም የፋይበርግላስ ዱርጋ ቆመች፤ የዓለም ትልቁ ተብሎ ማስታወቂያ ተነገረለት። ሕዝቡ ከመጠን በላይ ስለተጨናነቀ ፖሊስ በዓሉ ገና ሳይገባ ዘጋው። ከዚያ ምስል ዛሬ የሚታወሰው ቁመቱ ብቻ ነው። በ2020 ደግሞ በባሪሻ ክለብ ዳስ የቆመው የተለየ ነበር። በዚያ ዓመት በኮሮና ምክንያት ሕንድ ስትዘጋ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የቀን ሠራተኞች ሥራ አጥተው በእግራቸው ወደየትውልድ መንደራቸው ተጉዘዋል። የጭብጡ ነዳፊ ሪንቱ ዳስና ቀራጩ ፓላብ ቦውሚክ ዱርጋን እንደ አንዲት ስደተኛ እናት አደረጓት፤ መሣሪያ የላትም፣ ራቁቱን ያለ ሕፃን ታቅፋለች፣ ሴቶች ልጆቿ አብረዋት ይሄዳሉ። መነሻቸው የሠዓሊው የቢካሽ ባታቻርጂ ሥራዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት ፍርድ ቤት ዳሶቹ ለጎብኚ እንዲዘጉ ስላዘዘ ብዙ ሰው ምስሏን ያየው በፎቶ ነው፤ ቢሆንም በመላ ሕንድ ተሰራጨች። የአምልኮ ጥበብ የዘመኑን ሕመም መሸከም እንደሚችል ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ስለዚህ ጭብጥ በራሱ ጠላት አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው ስሙ ሁሉ ለነዳፊውና ለስፖንሰሩ ሲውል፣ ጭዱን ያሰሩት እጆች ከፖስተሩ ሲቀሩ ነው።

ገንዘቡን እንመልከት። የብሪቲሽ ካውንስል ባሠራው ጥናት በ2019 ዱርጋ ፑጃ በምዕራብ ቤንጋል ያንቀሳቀሰው የፈጠራ ኢኮኖሚ ከ323 ቢሊዮን ሩፒ በላይ ሆኖ ተገምቷል፤ ይህ ከግዛቲቱ ጠቅላላ ምርት 2.58 ከመቶ ነው። የግዛቲቱ መንግሥትም በ2018 ለእያንዳንዱ የፑጃ ኮሚቴ 10,000 ሩፒ መስጠት ጀምሮ በ2025 ወደ 110,000 አድርሶታል። በ2024 በአንድ የኮልካታ ሆስፒታል አንዲት ወጣት ሐኪም ተደፍራ ከተገደለች በኋላ ግን አንዳንድ ኮሚቴዎች ለተቃውሞ ገንዘቡን አንቀበልም ብለዋል። ሴት አምላክ የሚያከብር በዓል ስለ ሴት ሞት ዝም ሊል አይችልም ማለታቸው ነበር፤ ትክክልም ነበሩ።

እርዳታው የሚደርሰው ግን ለኮሚቴው ነው። ኩማርቱሊ ያለው ሠሪ ወቅቱ ሲጀመር ለቀርከሃ፣ ለጭድ፣ ለጭቃና ለሠራተኛ ደመወዝ ይበደራል። ደንበኛው ጥቂት ቀብድ ይሰጠዋል፤ ቀሪው የሚከፈለው ምስሉ ሲወጣ ነው። ዝናብ ከበዛ ወጪው ይጨምራል፤ የተስማሙበት ዋጋ ግን ያው ነው። ከናዲያና ከሌሎች ወረዳዎች ለወቅቱ የሚመጡት ሠራተኞች ሐውልቶቹ መካከል ይተኛሉ። ሰፈሩን አፍርሶ በዘመናዊ ሥራ ቤት የመተካት ዕቅድ ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲነሣ ሲወድቅ ቆይቷል። ዕቅዱ ለምን እንደተሰናከለ ብዙ ወገን ብዙ ይላል፤ ሠሪዎቹ ግን ከወንዙና ከገበያቸው መራቅን መፍራታቸው የሚገባ ፍርሃት ነው። ልጆቻቸው በቢሮ ሥራ መቀጠርን ይመርጣሉ፤ ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም።

በዚህ ሰፈር ሴት ሆኖ መሥራት ደግሞ ሌላ ትግል ነው። የሴት አምላክ ምስል የሚሠሩት እጆች ለትውልዶች የወንድ ብቻ ነበሩ፤ ሚስቶችና ሴቶች ልጆች ጌጥ ያዘጋጁ፣ ጭቃ ያቡኩ እንደሆነ እንጂ ትእዛዝ በስማቸው አይቀበሉም ነበር። ቺና ፓል አባቷ በ1994 ሲሞት ሥራ ቤቱን ተረከበች። በመጀመሪያ በሴት ሥር የሚሠራ ማግኘትም፣ የደንበኛ አመኔታ ማግኘትም አስቸግሯት ነበር። ዛሬ ከሰፈሩ ታዋቂ ሠሪዎች አንዷ ናት። በ2015 ለጾታ ለዋጮች ማኅበረሰብ ግማሹ ወንድ፣ ግማሹ ሴት የሆነ ምስል ሠርታለች፤ ይህ መልክ ሺቫና ሚስቱ በአንድ አካል የሚታዩበት የጥንት ቅርጽ ነው። ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ደስ እንዳላቸው አላምንም፤ እርሷ ግን ሥራውን አስረከበች።

የቤንጋል ሴቶች ከሥራ ቤቱ ቢከለከሉም ከጥበቡ አልተከለከሉም። አልፖና የሚባለው የወለል ሥዕል የእነርሱ ነው። ሩዝ ነክረው ይፈጩና በውኃ ያቀጥኑታል፤ በጨርቅ ቁራጭ እየነከሩ በጣታቸው ወለሉ ላይ ነጭ ሐረግ፣ የሎተስ አበባና የሩዝ እሸት ይስላሉ። ከዱርጋ ስንብት ከጥቂት ቀናት በኋላ በሚውለው የላክሽሚ ሌሊት ከደጃፍ እስከ ጓዳ የትንንሽ እግሮች ዱካ ይሳላል፤ የሀብት እናት ገብታ እንድትቀር። አባኒንድራናት ታጎር በ1919 ስለ ቤንጋል የሴቶች ስእለት ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሥዕል በቁም ነገር መርምሮታል። ሽልማት የለውም፣ ስፖንሰር የለውም፣ በማግሥቱ ይረገጣል። የዱርጋ ፑጃ ጥናቶች በብዛት ዳሱን ብቻ ማየታቸው ጉድለት ነው።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ክርክሩ ይሞቃል። ያልተተኮሰ ጭቃና ጭድ ከወንዝ መጥቶ ወደ ወንዝ ቢመለስ ውኃውን ያን ያህል አይጎዳም። የሚጎዳው እርሳስ ያለበት ቀለም፣ ፕላስቲክ ጌጥና የአረፋ ጣውላ ነው። የሕንድ ማዕከላዊ የብክለት ቁጥጥር ቦርድ በ2010 ስለ ምስሎች ወደ ውኃ መግባት መመሪያ አወጣ፤ በ2020 አጥብቆ የጂፕሰም ሐውልትን ከለከለ። የጂፕሰም ችግር የሚብሰው ግን በኮልካታ አይደለም፤ በምዕራብ ሕንድ በሙምባይ ነው። እዚያ የጋኔሽ በዓል ባል ጋንጋዳር ቲላክ በ1893 የአደባባይ በዓል ካደረገው ወዲህ እየገዘፈ መጥቶ፣ ምስሎቹ በብዛት ከጂፕሰም ይሠራሉ። ጂፕሰም ውኃ ውስጥ ቶሎ አይሟሟም፤ ከበዓሉ በኋላ የተሰበሩ እጆችና ራሶች ባሕሩ ዳር ይታያሉ። ለአማኝ ከዚህ የከፋ እይታ የለም። በ2025 የቦምቤ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምስሎቹን መሥራት ቢፈቅድም አነስተኞቹ ወደ ተፈጥሮ ውኃ እንዳይገቡ አግዷል። የኮልካታ ሠሪዎች ርካሹንና ፈጣኑን መንገድ ትተው በአብዛኛው በጭቃው መጽናታቸው ለወንዙ የዋሉት ውለታ ነው። በከተማው የወንዝ ዳርቻዎች ምስሉ ውኃውን እንደነካ በክሬን ይነሣል፤ የቀርከሃውና የእንጨቱ አጽምም ተሰብስቦ ብዙ ጊዜ ወደ ኩማርቱሊ ይመለሳል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይሸጣል። ቀለሙን ከእርሳስ ማጽዳት የሚቻል ነገር ነው፤ የዋጋውን ልዩነት ግን ሠሪው ብቻውን እንዲሸከም መጠበቅ አይገባም።

በውጭ የሚኖሩ ቤንጋሎች ጉዳይ ሌላ መልክ አለው። ጭቃ በአውሮፕላን አይላክም፤ ይሰበራል፣ ይከብዳል። ስለዚህ ከ1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ከሾላ የተሠሩ ቀላል ምስሎች፣ በኋላም የፋይበርግላስ ምስሎች ወደ አውሮፓና አሜሪካ መላክ ጀመሩ። እነዚህ ወንዝ አይገቡም፤ ተጠቅልለው መጋዘን ተቀምጠው በየዓመቱ ይወጣሉ። በ2006 ግን የኮልካታ ሠሪዎች ለንደን ሄደው በብሪቲሽ ሙዚየም አዳራሽ በጎብኚዎች ፊት ምስሉን ከጭድ ጀምረው ሠሩ፤ በዓሉ ሲያበቃም ቴምዝ ወንዝ ገባ። ዕቃ ጠብቆ ለማቆየት የተቋቋመ ሙዚየም የሚሟሟ ሥራ በግቢው አስተናግዶ መሸኘቱ ጉዳዩን የተረዳ ሥራ ነበር፤ ጎብኚው ያየው እጁን ነውና።

በታኅሣሥ 2021 ዩኔስኮ የኮልካታን ዱርጋ ፑጃ በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች ዝርዝር አስገባ። የእኛው የመስቀል በዓል በ2013፣ ጥምቀት በ2019 የተመዘገቡበት ዝርዝር ነው። ኮልካታ በደስታ ሰልፍ ወጣች። ዝርዝሩ በዓሉን ሲያከብር ሠሪውን ይጠቅሳል፤ ጥበቃው ግን ወደ ሥራ ቤቱ የሚደርስበትን መንገድ ማዘጋጀት የከተማውና የኮሚቴዎቹ ፋንታ ነው። የሚፈለገው ውስብስብ አይደለም። ኮሚቴው ከመንግሥት ከሚቀበለው ገንዘብ ለምስሉ የሚውለው ድርሻ ይወሰን። ቀብዱ ሠሪው ሳይበደር ጭቃ የሚገዛበት ያህል ይሁን። የሠሪው ስም ከነዳፊው ስም ጎን በዳሱ በር ላይ ይጻፍ። ለምርጥ ዳስ የሚሸልሙት ኩባንያዎችም ያን ዳስ ያስዋበውን ሥራ ቤት አብረው ይሸልሙ።

አንባቢዬ፣ ኮልካታ የመሄድ ዕድል ከገጠመህ ወይም ከገጠመሽ፣ በዓሉ እስኪገባ አትጠብቁ፤ ከማሃላያ በፊት ባሉት ሳምንታት ኩማርቱሊ ሂዱ። የሠሪዎቹ ማኅበር ለፎቶ የሚጠይቀውን ጥቂት ሩፒ ሳታንገራግሩ ክፈሉ፤ መንገድ አትዝጉ፣ እርጥብ ጭቃም አትንኩ። ፊቱን ከወደዳችሁትም የማን ሥራ እንደሆነ ጠይቁ፤ ፎቶውን ለሌላ ሰው ስታሳዩ ስሙን አብራችሁ ንገሩ።